ሊጥዎን ይዘው ይምጡ፦ ገዢ ያጣ ዕቃ ወፍጮ ቤት ገበያ ያገኘበት ጉዳይ

ጉዳዩ የሆነው ቱሉ ዲምቱ ነው። በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ፣ አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ውስጥ ያለው የኮንዶሚኒየም ሰፈር። ሰፈሩን የማያውቅ ሰው በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ በተከፈተው የአዲስ አዳማ ፈጣን መንገድ መነሻነቱ ያስታውሰው ይሆናል።

እዚህ ሰፈር ሦስት ወጣቶች ተሰባስበው የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚበላውን መብራት የሚቆጥብ አንድ ዕቃ ሠሩ። ሁለቱ የኤሌክትሪክ ምህንድስና የተማሩ ናቸው። ሦስተኛዋ ሒሳብ ሠራተኛ ናት። ዕቃው ይሠራል። የሚገዛው ሰው ግን ጠፋ። እኔ ሽያጭ ላይ የቆየሁ የሰፈሩ ሰው ስለሆንኩ «እስቲ አግዘን» አሉኝ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አብሬያቸው አይቻለሁ። የእነሱንም የምርቱንም ስም አልጽፍም፤ የተስማማነው እንዲህ ነው።

ለምን እንደምጽፈው ግን ልናገር። በየሰፈሩ አዲስ ነገር የሚሠሩ ልጆች አሉ። ከማውቃቸው ውስጥ ብዙዎቹ ሥራቸውን የዘጉት ዕቃቸው መጥፎ ስለሆነ አልነበረም። ወደ ገዢው የሚያደርስ አንድ መንገድ እንኳን ሳያገኙ ገንዘባቸው ስላለቀ ነው። ይኼ ያንገበግበኛል። ስለዚህ አንድ የተሳካ ጉዳይ ከነዝርዝሩ ቢጻፍ ለሌላው ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ።

ዕቃው

በአብዛኛው ቤት ውስጥ ካለው ዕቃ ሁሉ እንደ ኤሌክትሪክ ምጣድ መብራት የሚበላ የለም። አብዛኛው ምጣድ 3.5 ኪሎዋት አካባቢ ይስባል። አንድ ሰዓት ሳይጠፋ ቢቆይ ቆጣሪው ላይ 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ያስመዘግባል። ባለ 10 ዋት አምፖል ይህን ያህል ለመቁጠር 350 ሰዓት መብራት አለበት።

ከዚህ ሁሉ ሙቀት እንጀራው ጋ የሚደርሰው ከፊሉ ብቻ ነው። ሽቦው የተቀበረው ከሸክላው ሥር ነው። ሙቀቱ ወደ ላይ ብቻ አይሄድም፤ ወደ ታችም ወደ ጎንም ያመልጣል። እንጀራ ዓይን አውጥቶ ለመብሰል የምጣዱ ፊት 200 ዲግሪ ገደማ ቢሞቅ ይበቃዋል። ግን ጋጋሪ ቴርሞሜትር ይዛ አትጋግርም። ሊጥ ጠብ አድርጋ፣ ድምፁን ሰምታ፣ በልምድ ነው የምታውቀው። እጇ ላይ ሰፌድ፣ ከፊቷ ሊጥ፣ ከኋላዋ ልጅ እያለ ምጣዱን በየደቂቃው ማብራትና ማጥፋት አይቻላትም። ስለዚህ እንደበራ ይቆያል። ሙቀቱ ሲበዛ እንጀራው ያራል፤ ያኔ ምጣዱን ከሶኬት ትነቅለዋለች። ሲበርድ ደግሞ እንጀራው ዓይን አያወጣም።

ልጆቹ የሠሩት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ከምጣዱ ሥር የሚገባ ንጣፍ ነው፤ ሙቀት ወደ ታች እንዳያመልጥ ይይዛል። ሁለተኛው በሶኬቱና በምጣዱ መካከል የሚገባ ሳጥን ነው፤ ሙቀቱ ሲሞላ ያጠፋል፣ ሲወርድ ያበራል። አዲስ ምጣድ መግዛት አያስፈልግም። ቤት ያለው ምጣድ ላይ ይገጠማል።

ጊዜውም የተመቸ ነበር። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የመብራት ታሪፍ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ለአራት ዓመት እንዲሄድ ተወስኗል። ታሪፉ ደግሞ በእርከን ነው። ብዙ የተጠቀመ ሰው ለእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት የበለጠ ይከፍላል። የካርድ ቆጣሪ ያለው ሰው ቁጥሩ ሲወርድ በዓይኑ ያያል። እንጀራ በተጋገረበት ቀን ቁጥሩ እንዴት እንደሚወርድ የማያውቅ ባለካርድ የለም። ልጆቹ «ልዩነቱን ካሳየን ሰው ይገዛል» ብለው ነው የተነሱት። እዚህ ላይ ትክክል ነበሩ። ያልታወቀው የት ሆነው ነው የሚያሳዩት የሚለው ነው።

ሰው ያየው፣ ማንም ያልገዛው

መጀመሪያ የሄዱት ወደ ቲክቶክ ነው። ሁሉም አሁን የሚጀምረው እዚያ ነው። ቪዲዮው ጥሩ ነበር፤ ብዙ ሰውም አየው። አስተያየቱ ጎረፈ። «ዱባይ እንዴት አገኛለሁ?» «አሜሪካ ትልካላችሁ?» «ሐዋሳ ማን ያመጣልኛል?» ዕቃው ግን የሚገጥም፣ የሚያስረዳ፣ ሲበላሽ የሚጠግን ሰው ይፈልጋል። ሦስት ሰዎች ሐዋሳና ዱባይ ሊደርሱ አይችሉም። ቱሉ ዲምቱ ያለችው እናት ደግሞ ቪዲዮውን አላየችውም። ብታየው እንኳን የምታየው ዳንስና ቀልድ መሀል ነው፣ ምጣድ አጠገብ አይደለም።

በገንዘብ ፌስቡክ ላይ ማስተዋወቅም ታስቦ ነበር። ክፍያው በዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ሒሳቡ በብር ሲመነዘር ከአቅማቸው በላይ ሆነ። በሰው የባንክ ካርድ ጥቂት ሞክረው ተዉት።

የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ብዙ ተስፋ ተጥሎ ነበር። ኮንዶሚኒየም ሰፈር ውስጥ በየብሎኩ ግሩፕ አለ። ውሃ የሚመጣበት ቀን፣ የጠፋ ቁልፍ፣ መዋጮ፣ የሚሸጥ ሶፋ፣ ሁሉም እዚያ ይለጠፋል። ልጆቹም ፎቶ ለጠፉ። ወዲያው «ዋጋ?» የሚል ይመጣል። ዋጋውን በውስጥ መስመር ይልካሉ። ከዚያ ዝም። ደውለው የጠየቋቸው ሰዎች የሰጡት መልስ ይመሳሰላል፤ «ቆንጆ ነው፣ እቤት ላማክር»። ይኼ መልስ መናቅ የለበትም። ግሩፑ ላይ ያለው ሰውና ምጣዱ ፊት የምትቆመው ሰው ብዙ ጊዜ የተለያዩ ናቸው። የምትጋግረው ሚስት፣ እናት፣ የቤት ሠራተኛ ወይም በሳምንት አንድ ቀን የምትመጣ ተመላላሽ ናት። ጥያቄው ወደ እሷ ሲሄድ ጫፉ ይጠፋል። «ምጣዱ መች ተበላሸ?» ትላለች፤ ነገሩ እዚያው ያበቃል።

የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቆችም ተሞክረዋል። ባለሱቆቹ «ሲሸጥ እንከፍላችኋለን» ብለው ተቀበሉ። ሳጥኑ በሶኬትና በማከፋፈያ መሀል ተደርድሮ አቧራ ለበሰ። ገዢ ሲጠይቅ ባለሱቁ «የምጣድ ነው» ብሎ ያልፋል። ከዚያ በላይ እንዲያስረዳ የሚያደርገው ምክንያት የለውም። እንዲያውም አዲስ ምጣድ ቢሸጥ የሚያተርፈው ይበልጣል። የእሁድ ገበያ ላይም ድንኳን ተተክሎ ነበር፤ መብራት ስለሌለ ምጣዱን ማብራት አልተቻለም፤ ያልበራ ምጣድ አሳይቶ መሸጥ ከባድ ነው። ዕድር ጋ ሄደው ደግሞ ኮሚቴው ተነጋግሮ እስኪፈቅድ ወራት እንደሚወስድ ተነገራቸው።

ይኼ ችግር በዓለም ላይ አዲስ አይደለም። የአሜሪካው አርል ተፐር፣ እ.ኤ.አ. በ1946 አየር የማያስገባ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ለገበያ ሲያቀርብ ሱቅ ውስጥ ብዙም አልሸጠለትም። ሰው ክዳኑ እንዴት እንደሚገጠም አልገባውም ነበር። በየሰው ቤት ሴቶችን ሰብስበው የሚያሳዩ ሻጮች ግን በብዛት ይሸጡት ጀመር። ከእነሱ አንዷ ብራውኒ ዋይዝ ናት። ተፐር እ.ኤ.አ. በ1951 ዕቃውን ከሱቅ አውጥቶ ሽያጩን በቤት ስብሰባ ብቻ አደረገ፤ ዋይዝንም ምክትል ፕሬዚዳንት አድርጎ ሾማት። እኔ ይህን ታሪክ ለልጆቹ የነገርኳቸው ሰው ቤት ሄደው እንዲሸጡ አይደለም። የቱሉ ዲምቱ ቤት የአሜሪካ ቤት አይደለም። ለማያውቁት ሻጭ በር የሚከፍት ጥቂት ነው። የነገርኳቸው አንዳንድ ዕቃ ካልታየ በቀር እንደማይሸጥ፣ ማሳያ ቦታውም የሚገኘው ገዢዎቹ በራሳቸው ጊዜ በሚሰበሰቡበት እንደሆነ ለማስረዳት ነው። ያ ቦታ የት እንደሆነ ግን ማናችንም አናውቅም ነበር።

ደብተሩ

ሒሳብ የያዘችው ልጅ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድ ደብተር ትይዛለች። ማን ገዛ፣ ስንተኛ ብሎክ፣ ቤቱ ውስጥ የሚጋግረው ማነው፣ በሳምንት ስንት ቀን፣ ቆጣሪው የማን ነው፣ ስለ ዕቃው ከማን ሰሙ። እኔ እንደምረዳው ጉዳዩን የፈታው ይህ ደብተር ነው፣ በተለይ የመጨረሻው ዓምድ። አብዛኛው ጀማሪ ስንት እንደሸጠ ያውቃል። የገዛው ሰው በየት በኩል እንደመጣ የሚጽፍ ግን ትንሽ ነው።

አንድ ቀን ተቀምጠን ደብተሩን አገላበጥነው። መጀመሪያ ዘመድና ጓደኛ የገዛውን በሙሉ ሰረዝን። ይኼ ያማል፤ ግን መደረግ አለበት። ዘመድ የሚገዛው ልጆቹን ወዶ ነው፣ ስለ ገበያው የሚነግረን ነገር የለም። ከተሰረዘ በኋላ የቀረው በጣም ጥቂት ነበር። ከቀሩት ውስጥ ግን ከአንድ በላይ የሆኑት «ከማን ሰሙ» በሚለው ላይ የሰጡት መልስ አንድ ነው፤ «ወፍጮ ቤት»።

ልጆቹ ወፍጮ ቤት ሄደው አያውቁም። ወረቀት አልለጠፉም፣ ማንንም አላናገሩም። እየጠየቅን ስንከተለው ወደ አንዲት ሴት አደረሰን። እንጀራ ጋግረው ለሱቆችና ለምግብ ቤቶች የሚያቀርቡ እናት ናቸው። ዕቃውን የገዙት ከልጆቹ አንዱ የእህታቸው ልጅ ጓደኛ ስለሆነ ነው። ሄደን አነጋገርናቸው።

«እትዬ፣ ወፍጮ ቤት ስለ ዕቃው ተናግረው ነበር እንዴ?»

«እኔ ለመሸጥ ብዬ አላወራሁም ልጄ። ተራ እየጠበቅን መብራት ጨመረ፣ ካርድ አልበረክት አለ እያሉ ሲያማርሩ፣ የእኔ በረከተልኝ አልኳቸው። ምን አድርገሽ ነው አሉኝ፤ ነገርኳቸው። በቃ።»

ወፍጮ ቤት ያሉት ሰዎች

ወፍጮ ቤት ተራ የሚይዘው ማነው? የምትጋግር ሴት ናት፣ ወይም ለሚጋገርበት ቤት የምትገዛ ናት። ቴሌግራም ላይ ያጣናት ያቺው ሰው። እጇ ላይ ጤፍ አለ፤ የጤፉን ዋጋ አሁን ከፍላ ነው የመጣችው። አእምሮዋ እንጀራ ስንት እንደሚያወጣባት እያሰላ ነው። ተራ ስትጠብቅ ሌላ የምትሠራው ነገር ስለሌላት ታወራለች። የሚወራው ደግሞ የታወቀ ነው፤ ማኛው ስንት ገባ፣ ሰርገኛውስ፣ በርበሬ ስንት ሆነ፣ መብራት መቼ ይመጣል። መብራት ሲጠፋ ወፍጮው ይቆማል፤ ሰው አይበተንም፣ ይጠብቃል። ያኔ ወሬው ሁሉ ስለ መብራት ይሆናል።

ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው የሚመጡት። አንዷ ለቤቷ የምትጋግር ናት፤ በወር አንዴ፣ አብዛኛውን ጊዜ ደመወዝ ሲገባ ታስፈጫለች። ሌላዋ ጋግራ የምትሸጥ ናት፤ በየሳምንቱ ትመጣለች። ለመጀመሪያዋ የመብራት ወጪ ብስጭት ነው። ለሁለተኛዋ ትርፍና ኪሳራ ነው። በየቀኑ ስለምትጋግር ልዩነቱ በጥቂት ቀናት ይታያታል። የመጀመሪያው ገዢ መሆን ያለባት እሷ ናት። ቀድማ ትገዛለች፤ ቃሏም ይታመናል፣ ምክንያቱም ስለ እንጀራ ከእሷ በላይ የሚያውቅ ተራው ውስጥ የለም።

ከዚህ በኋላ ወደ ወፍጮ ቤቱ ባለቤት ሄድን። በዕድሜ የገፉ፣ ሰው የሚያከብራቸው ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ እዚህ ጥግ ላይ ምጣድ ጥደን ለደንበኞችዎ ብናሳይስ?»

«እዚህ ውስጥ? ዱቄት በሚቦንበት ቤት እሳት?»

ልክ ናቸው። በአየር ላይ የሚንሳፈፍ ዱቄት እሳት ይይዛል። በረንዳውን ፈቀዱ። ከዚያ ልጆቹ ከእያንዳንዱ ሽያጭ ኮሚሽን እንደሚሰጡ ነገሯቸው። ያኔ የመለሱት መልስ ለእኔ ከጉዳዩ ሁሉ ትልቁ ነው።

«የብሩን ነገር በኋላ እናወራለን። ዕቃው ሲበላሽ ሰው የሚመጣው እናንተ ጋ አይደለም፣ እኔ ጋ ነው። ከጋሼ ወፍጮ ቤት ገዝቼ ተቃጠለ ትላለች። በዓመቱ ደንበኛዬ ሌላ ወፍጮ ቤት ትሄዳለች። ይህን ምን ታደርጉልኛላችሁ?»

ልጆቹ ይህን አላሰቡትም ነበር። አስበው ተመለሱ። በሩ አጠገብ ስልክ ቁጥራቸውን በትልቁ ጻፉ። የተበላሸ ዕቃ ያመጣ ሰው ጥገናውን ሳይጠብቅ ወዲያው የሚቀየርለት መለዋወጫ ሳጥን ወፍጮ ቤቱ ውስጥ አስቀመጡ። ጋሼ ራሳቸው አንስተው መስጠት ይችላሉ፤ ማንንም መጠየቅ የለባቸውም። በዚህ ተስማሙ። ኮሚሽኑንም በኋላ ተቀብለዋል፤ ግን በሩን የከፈተው ኮሚሽኑ አልነበረም።

ብዙ ጀማሪዎች እዚህ ጋ ይስታሉ። የሰው ቦታ ላይ ስንሸጥ የምንጠቀመው በረንዳውን ብቻ አይደለም። የባለቤቱን ስም ነው የምንበደረው። ስሙን ያበደረ ሰው ደግሞ ከመቶኛ በፊት ዋስትና ይፈልጋል።

ሊጡ

የመጀመሪያው ቅዳሜ እንደታሰበው አልሄደም። ከኢንጂነሮቹ አንዱ ምጣዱን አብርቶ ስለ ዋትና ስለ ሙቀት ማስረዳት ጀመረ። ጎበዝ ልጅ ነው፤ የሚለውም ትክክል ነው። ሴቶቹ በአክብሮት ሰሙት፣ ዱቄታቸውን ተቀብለው ሄዱ። ከሰዓት በኋላ እኚያ ጋጋሪ እናት ጤፋቸውን ሊያስፈጩ መጡ። ልጁን አይተው «ተነሥ እስቲ ከዚህ» ብለው ምጣዱ ፊት ቆሙ። ማሰሻውን ይዘው ምጣዱን አሰሱ፤ ሊጡን ቀድተው ዙሪያውን አዞሩት። ዝም ብለው ጋገሩ። ሴቶቹ ከተራቸው እየወጡ ከበቧቸው።

ያኔ አንዲት ሴት «ይኼ የእናንተ ሊጥ ነው፤ በእኔ ሊጥስ?» አለች። ጥያቄዋ ቀላል አይደለም። የጋገረ ያውቃል፤ የሊጡ ውፍረት፣ የአብሲቱ ልክ፣ ጤፉ ራሱ እንጀራውን ይለውጠዋል። ሻጭ የራሱን ሊጥ አዘጋጅቶ ቢያሳምር ምን ይደንቃል? ሴትየዋ በሚቀጥለው ሳምንት ሊጧን በባልዲ ይዛ መጣች።

ከዚያ ወዲህ አሠራሩ ሁሉ ተለወጠ። ሁለት ምጣድ ጎን ለጎን ይጣዳል። አንዱ ሳጥንና ንጣፍ አለው፣ ሌላው የለውም። በሁለቱም ሶኬት ላይ የሚቆጥር ትንሽ ቆጣሪ ይሰካል። ሊጡ የደንበኛዋ ነው። ከሁለቱም ላይ እኩል እንጀራ ይወጣል። ከዚያ ደንበኛዋ ራሷ ሁለቱን ቁጥር ታነብባለች። ልጆቹ አያነቡም። የልዩነቱን መጠን እዚህ አልጽፍም፤ በምጣዱ ዕድሜ፣ በሊጡና በጋጋሪዋ እጅ ይለያያል። ለዚህም ነው እያንዳንዷ በራሷ ሊጥ ማየት የፈለገችው። በር ላይ የነበረው ብዙ ቴክኒካዊ ቃል ያለበት ወረቀት ተነሥቶ ሦስት ቃል ብቻ ተጻፈ፤ «ሊጥዎን ይዘው ይምጡ»። እኔ ስንት ዓመት ሽያጭ ላይ ቆይቻለሁ፤ ከዚህ የተሻለ ማስታወቂያ መጻፍ አልችልም ነበር። የጻፈችው ያቺ ተጠራጣሪ ደንበኛ ናት ማለት ይቻላል።

ተቃውሞም ነበር። በዚያ ሰሞን ደጋግሞ የሚነሣው «ግድቡ ሲመረቅ መብራት ይረክሳል፣ ምን አስቸኮለኝ?» የሚል ነው። የህዳሴው ግድብ የተመረቀው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፤ ይህ ሁሉ የሆነው ከዚያ በፊት ነበር። ለዚህ ጥያቄ ልጆቹ ስለ ታሪፍ ማብራሪያ ሊሰጡ ይሞክራሉ፤ ማንም አይሰማቸውም። ጋጋሪዋ የሰጡት መልስ ግን ተሰማ። «እስኪረክስ ድረስ እኔ በየቀኑ እጋግራለሁ።»

ሁለተኛው ተቃውሞ ዋጋው ነበር። እዚህ ላይ የሒሳብ ሠራተኛዋ ሐሳብ ሠራ። ግማሹ ዛሬ ይከፈላል፣ ግማሹ ከአንድ ወር በኋላ፣ ካርዱ መበርከቱን አይታ ስታምን። ክፍያው በቴሌብር ነው። ቴሌብር ሥራ የጀመረው ግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ቢሆን ይህን ሁሉ ቀሪ ክፍያ ብሎክ ለብሎክ እየዞሩ መሰብሰብ ነበረባቸው። ሰው ይክድ ይሆን የሚል ሥጋት ነበር። ያልከፈለ ጥቂት ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ ግልጽ ነው፤ ገዢዋ ጋሼ ወፍጮ ቤት ነገም ትመጣለች።

ከምጣዱ አጠገብ መዋል ዕቃውንም አሻሻለው። ኮሙናል ውስጥ፣ ማለትም በኮንዶሚኒየሙ የጋራ ቤት፣ የሚጋግሩ ሴቶች ሶኬቱ ሩቅ ስለሆነ ገመዱ አጥሮባቸው ነበር፤ ረዘመ። አክንባሎው ሲነሣ የሚወጣው እንፋሎት ሳጥኑን ስለሚነካው ግድግዳ ላይ የሚሰቀልበት ተሠራለት። ሳጥኑ ላይ የሚበራው መብራት በጢሱና በእንፋሎቱ መሀል አይታይም ተባለ፤ ትልቅ ተደረገ።

ሌላውን ሁሉ መተው

ወፍጮ ቤቱ መሥራት ሲጀምር ከልጆቹ አንዱ «እንግዲህ ሁሉንም አንድ ላይ እንግፋ» አለ። ቲክቶኩም፣ ሱቁም፣ ዕድሩም ይቀጥል ማለቱ ነው። ክርክር ተነሣ። የእኔ አቋም ግልጽ ነበር፤ አሁንም ያው ነው። ሦስት ሰዎች ናችሁ፤ አንዱ ይገጥማል፣ አንዱ ይጠግናል፣ አንዷ ብር ትሰበስባለች። የሠራው መንገድ ገና አልተነካም። የቀረው ጉልበት ሁሉ እዚያ ይፍሰስ።

አንድ መንገድ ሠርቷል የምለው ስንት ሰው እንዳየው ቆጥሬ አይደለም። ልጆቹ በሌሉበት ቀን ስልክ ይደወላል ወይ? እኔ የማየው ይህንን ነው። ቲክቶክ ላይ ቪዲዮ ያልለጠፉ ቀን ማንም አይጠይቅም። ወፍጮ ቤቱ በረንዳ ላይ ቅዳሜ ቆመው፣ ማክሰኞ ስልክ ይደወላል። የምትደውለው ሴት ቅዳሜ አልነበረችም። ሰኞ ተራ ስትጠብቅ ሰምታ ነው። ዕቃው እነሱ ሳይኖሩ ይወራል። ይህን ያላገኘ መንገድ በማስታወቂያ ብር ብቻ የቆመ ነው፤ ብሩ ያለቀ ዕለት ይቆማል።

ሁለተኛው ወፍጮ ቤት

ከዚያ ወደ ገላን በሚወስደው በኩል፣ የግቢ ቤቶች በሚበዙበት ሰፈር ሌላ ወፍጮ ቤት ያዙ። በረንዳው ሰፊ ነው፣ ሰውም ይበዛል። ሁለት ምጣድ፣ ሁለት ቆጣሪ፣ የደንበኛ ሊጥ፣ ሁሉም እንደ መጀመሪያው። ሴቶቹ መጡ፣ ጋገሩ፣ ቁጥሩን አነበቡ፣ ተደነቁ። አልገዙም።

ደብተሩ እዚህም ረዳ። «ቆጣሪው የማን ነው?» በሚለው ዓምድ ሥር መልሱ በሙሉ «የአከራይ» ነበር። እዚያ ሰፈር ብዙው ተከራይ የራሱ ቆጣሪ የለውም። በወር የተቆረጠ የመብራት ብር ለአከራይ ይከፍላል። ምጣዱ ቢቆጥብም ባይቆጥብም የሚከፍለው ያው ነው። የሚቆጠበው ብር የአከራዩ ነው፤ እሷ ለምን ትገዛለች? እንዲያውም ብዙ አከራይ ምጣድ መጠቀምን ይከለክላል፤ ሴቶቹ እዚያም ወፍጮ ቤት የሚመጡት ጤፍ አስፈጭተው ሌላ ቦታ ሊያስጋግሩ ነው።

ሁለት ወፍጮ ቤት፣ አንድ ዓይነት ተራ፣ አንድ ዓይነት ወሬ፤ ግን ኪሱ የሚነካው ሰው ሌላ ነው። ልጆቹ አከራዮቹን ማነጋገር ጀመሩ። አንዳንዶቹ ገዝተው ለተከራዮቻቸው ምጣድ ፈቀዱ። ይኼ እኔን ከሽያጩ በላይ ያስደሰተኝ ነገር ነው፤ ቤቷ ውስጥ መጋገር ተከልክላ የነበረች እናት በራሷ ምጣድ መጋገር ቻለች። ግን በአከራይ በኩል ያለው ሥራ በጣም ቀስ ብሎ የሚሄድ ነው። እያንዳንዱን ግቢ ማንኳኳት ይጠይቃል። ስለዚህ ወደ ኮንዶሚኒየሞቹ ተመለሱ። አሁን አዲስ ወፍጮ ቤት ከመያዛቸው በፊት የሚጠይቁት የመጀመሪያ ጥያቄ ደንበኞቹ የራሳቸው ካርድ አላቸው ወይ የሚል ነው።

አሁን ያለበት

ወፍጮ ቤቱም ልክ አለው። አንድ ቤት የሚያስፈልገው አንድ ሳጥን ነው። በመጀመሪያው ወፍጮ ቤት ከቋሚ ደንበኞቹ የሚገዙት ከገዙ በኋላ ሽያጩ ቀዝቅዟል፤ እንደሚቀዘቅዝም ይጠበቅ ነበር። መለዋወጫው ሳጥን ግን እዚያው አለ፤ ጋሼም በሩ አጠገብ የተጻፈው ስልክ ቁጥር እንዲጠፋ አልፈቀዱም።

ቀጣዩን መንገድ የጠቆሙት ገዢዎቹ ናቸው። አሁን አሁን «ከማን ሰሙ» ሲባሉ «ከተመላላሿ» የሚሉ እየመጡ ነው። አንዲት ተመላላሽ በሳምንት ውስጥ በርካታ ቤት ትገባለች፣ በርካታ ምጣድ ላይ ትጋግራለች። የትኛው እንደሚያቃጥል፣ የትኛው እንደሚዘገይ ከባለቤቶቹ በላይ ታውቃለች። ሳጥን ያለው ምጣድ ሥራዋን ካቀለለላት በሌላው ቤት ትናገራለች።

ልጆቹ ለተመላላሾቹ በሽያጭ ኮሚሽን ይከፈል ወይስ አይከፈል በሚለው ላይ ተከራክረዋል። ሒሳብ ሠራተኛዋ ይከፈል ትላለች፤ የደከመ ሰው ድርሻውን ማግኘት አለበት ነው ምክንያቷ፣ እኔም እደግፋታለሁ። ኢንጂነሮቹ የሚፈሩት ተመላላሿ ብር ይከፈላታል ከተባለ እመቤቷ ቃሏን ማመን እንዳታቆም ነው። ለጊዜው የተስማሙበት ይህ ነው፤ ከአንድ ቤት በላይ ላስገጠመች ተመላላሽ ለራሷ ቤት አንድ ሳጥን በነፃ ይገጠምላታል፣ በራሷ ስም፣ ከእነ ዋስትናው። ኮሚሽኑን ደግሞ ግልጽ አድርገው፣ እመቤቷም እያወቀችው፣ በአንድ ብሎክ ብቻ እየሞከሩት ነው።